እትዬ ላሚያት የማይቀሩበት ለቅሶ

ሰው በሚኖርበት ቦታ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማት ራሷን በሐዘን ላይ የሾመች አንዲት ሴት አትጠፋም። እኛ ለቅሶ የምንሄደው ሰው ሲሞት ነው፤ እሷን ግን ሞት ራሱ ሳያስፈቅድ አይመጣም። የእኛ የባሕር ዳር መንደር የባን ኖክ ኤን የሐዘን ሹም ክብርት እትዬ ላሚያት ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፤ ቁመታቸው ከበር መቀርቀሪያ እምብዛም አያልፍም፤ ጥቁር ቀሚሳቸው ከመታጠብ ብዛት ወደ አረንጓዴ ያደላል። በዝናብ ወራት የሁላችንም ልብስ ሲሻግት የእሳቸው ጥቁር ቀሚስ አይሻግትም። ሻጋታ የሚይዘው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚውል ልብስ ነው።

እኛ ሙታናችንን በገዳም ጸሎት አድርሰን እናቃጥላለን፤ እትዬ ላሚያት በገዳሙ አዳራሽ ከሬሳው ቀድመው ይገኛሉ። ከፊተኛው ረድፍ በስተቀኝ ሦስተኛው ወንበር የእሳቸው ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ሹም ሳያውቅ ቢቀመጥበት፣ "ልጄ፣ አንተ አልሞትክ፣ ሰው አልሞተብህ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? ወደ ኋላ!" ብለው አስነሥተውታል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሩዙን በልቶ መነኮሳቱ ሳይጨርሱ ሹልክ አለ፣ አንድም አይረሱም። እኔን ገበያ መሀል አስቁመው፣ "አንተ ታዊን፣ የፕራዮንግ እናት ሬሳ ሲቃጠል የት ነበርክ?" ብለውኛል። የዓሣ ሻጯ የፕራዮንግ እናት ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

ጋሼ ቹዋ ታመው አልጋ የያዙ ጊዜ እትዬ ላሚያት ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ድስታቸውን ተሸክመው ከተፍ አሉ። ጋሼ ቹዋ ከትራሳቸው ቀና ብለው "አልሞትኩም እኮ!" ቢሏቸው፣ "አውቃለሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከምመላለስ ብዬ ነው" አሉ። ጋሼ ቹዋ በንዴት ከአልጋቸው ተነሥተው አራት ዓመት ኖሩ። ሐኪም ያልቻለውን እትዬ ላሚያት ቻሉት። የማይቀረው ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሬሳውን እያዩ፣ "ይኸው፤ ግትርነት ምን ጠቀመህ?" ብለው ከልባቸው አለቀሱ።

ሌላ ጊዜ ለሩቅ ዘመድ ለቅሶ አውቶቡስ ተሳፍረው የተሳሳተ ገዳም ወረዱ። የማያውቁት ሰው ሣጥን ፊት ቁጭ ብለው ከሰዓቱን ሁሉ ሲያለቅሱ ዋሉ። የሟቹ ልጆች የአባታቸው የድሮ ፍቅረኛ ናት ብለው ተደናግጠው በአክብሮት ሸኟቸው። መንደሩ ሲስቅባቸው፣ "ምን ያስቃችኋል? የሞተ ሰው አልነበረም?" አሉ።

እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። እንዲያውም እሳቸውን አስመስዬ ስናገር ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የቧልት ጊዜ ደግሞ አለኝ፤ ስምንት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ስላለኝ በዝናብ ወራት ከእንግዳ ይልቅ እንቁራሪት ነው የማሳድረው። ፍራሽ አገላብጣለሁ፣ ጣሪያ እደፍናለሁ፣ ባለቤቴ ራቢያብ ደግሞ የደፈንኩት የሚያፈስበትን እያሳየች ትሰድበኛለች።

በዚህ ወቅት የሚመጣ እንግዳ ወይ ገንዘብ ያጠረው ነው፣ ወይ ሰው የሰለቸው። ሄኒንግ የሁለተኛው ዓይነት ነበር። ከዴንማርክ የመጣ፣ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ስድሳ ስድስት ዓመቱ። ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ዝናቡን ያይ ነበር። ሲሰለቸው ማንም ሳይጠይቀው የሦስት ክፍል ቧንቧ ጠገነልኝ፤ አሸንዳዬንም ፈትቶ መልሶ ገጠመው። ገንዘብ ብሰጠው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

አንድ ቀን እትዬ ላሚያት በደጃፋችን ሲያልፉ አዩትና ቆሙ።

"ጠይቅልኝ፤ ስንት ልጅ አለው?"

"አንድ ሴት ልጅ አለችኝ ይላል።"

"ቅርብ ናት?"

"አገሩ ነው ያለችው።"

"ታዲያ ቢሞት ማን ሊያለቅስለት ነው?"

"ጤና ይስጥህ ይሉሃል" ብዬ ተረጎምኩለት። ሄኒንግ እኛ ስናደርግ እንዳየው እጆቹን ገጥሞ ጎንበስ አለላቸው። እትዬ ላሚያት "ጨዋ ነው" ብለው ሄዱ።

አሁን የምነግራችሁን ሳላሳምር ልንገራችሁ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለአሥራ አንድ ቀን ሳያቋርጥ ዘንቦ አንድ ጠዋት በድንገት ፀሐይ ወጣች። ባሕሩ ገና ቡናማ ነበር፤ ከላይ ዝም ያለ ይመስላል፣ ከሥር ግን ይጎትታል። ይኼን እዚህ የተወለደ ሕፃን ያውቃል። አትግቡ ለማለት ዳር ላይ የምንተክለውን ቀይ ባንዲራ ከሁለት ቀን በፊት ነፋስ ከነቀርከሃው ነቅሎ ወስዶታል። አይቻለሁ። ፕራዮንግም አይታለች። ሁላችንም አይተን ሁላችንም "አንዱ ይተክለዋል" ብለናል።

እኔ ዝናቡ ሳይመለስ ብዬ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። ሄኒንግ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከመሰላሉ ሥር ቆመ። "ዛሬ ጥሩ ነው?" አለኝ፣ በጣቱ ወደ ባሕሩ እያመለከተ።

አፌ ውስጥ ሚስማር ነበር። "እምም" አልኩት።

ስለ ፀሐይዋ የጠየቀኝ መስሎኝ ነው ብዬ ለራቢያብ ነግሬያታለሁ፤ ለፖሊስም ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። ምን እንደጠየቀኝ አውቃለሁ። ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ሰውየው ሩቅ አይገባም፣ እግሩን ነክሮ ይመለሳል ብዬ ነው። ቀና ብዬም አላየሁትም።

ከቀትር በኋላ ሸርጣን አጥማጆች ከድንጋዮቹ ወዲያ አገኙት።

ለእትዬ ላሚያት ሰው ልላክ ብል ለቀባሪ ማርዳት ሆነብኝ። ሬሳው ገዳም ሳይደርስ እሳቸው ደርሰው፣ ሬሳ እንዳይበላሽ የሚያቀዘቅዘው ሣጥን አልሠራ ብሎ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። ልጁ በስልክ "እባካችሁ እስክመጣ አታቃጥሉት" አለች። ወረቀቱም አውሮፕላኑም አምስት ቀን ፈጀ።

በመጀመሪያው ምሽት ጸሎት ላይ አራት መነኮሳት፣ እትዬ ላሚያት፣ እኔና አንድ የራሰ ውሻ ብቻ ተገኘን። ሰው አይፈረድበትም፤ ዝናብ ነው፣ ሟቹም የማንም አይደለም። በማግስቱ እትዬ ላሚያት የተሰበረ ጃንጥላቸውን ይዘው በየቤቱ ዞሩ። ፕራዮንግ ቤት ሲደርሱ እኔም ዓሣ ልገዛ እዚያው ነበርኩ።

"ማን ሞተ እትዬ?" አለች ፕራዮንግ።

"ሰው።"

"የማን ዘመድ?"

"ያንቺ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ትመጫለሽ።"

"እትዬ፣ ፈረንጁን እኮ አላውቀውም!"

"ለእናትሽ ሳለቅስ የማውቃቸው መስሎሽ ነው? በሕይወታቸው አንድ ቀን ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ሰባት ቀን ሙሉ ነው የተቀመጥኩላቸው።"

ፕራዮንግ ድስት ሙሉ የሩዝ ሾርባ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን አርባ ሰው ሆነ። በአራተኛው ቀን ወንዶቹ ከኋላ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ አዳራሹ ደንበኛ የመንደራችን ለቅሶ መሰለ። እትዬ ላሚያት ሦስተኛውን ወንበራቸውን ትተው ከሣጥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በየደቂቃው ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ያስጠጋሉ፤ ሞተሩ እንዳይቆም ያዳምጣሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። ከበረዶ ፋብሪካው ጄኔሬተር ተውሼ በዝናብ እየገፋሁ አመጣሁ። ገመዱን ስጎትት እሺ አላለኝም። እትዬ ላሚያት ጃንጥላቸውን ለእኔ ሳይሆን ለጄኔሬተሩ ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

"ባንዲራው የት ነበር?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ነፋስ ወሰደው።"

"እሱን አውቃለሁ። አንተስ?"

ጄኔሬተሩ ያን ጊዜ ተነሥቶ ጮኸ። በሕይወቴ ማሽን እንደዚያ አመስግኜ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን ልጁ መጣች። ኪርስተን ትባላለች፤ ረጅም፣ የአባቷ ዓይን ያላት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቆማ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። እንግሊዝኛ የምንችል እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን ወደ እኔ ዞረች።

"ይሄ ሁሉ ሰው ማነው? አባቴ ወዳጅ የሚባል ነገር አልነበረውም። እኔ እንኳ ሁለት ዓመት አላናገርኩትም።"

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ላሚያት።

"እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ትላለች።"

"ጎረቤቶቹ ናቸው በላት።"

አልኳት። ሣጥኑን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

"ባሕሩ አደገኛ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም?"

መልሱ ዝግጁ ነበር። መንደሩ ሁሉ በአምስቱ ቀን ተስማምቶበታል፦ ተነግሮት ነበር፣ አልሰማም፣ ፈረንጅ ነው። ሟች አይከራከርም። እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት ሁሉ በዚህ መልስ ይድናል፤ የእኔ ከሁሉም በላይ።

"ምን አለችህ?"

ተረጎምኩላቸው።

"በል መልስላታ።"

"ምን ልበላት እትዬ?"

እትዬ ላሚያት አልተቆጡኝም። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "እኔ ቋንቋውን አላውቅም" አሉ። "ብትዋሻት አላውቅብህም። እሷም አታውቅብህም።" እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። "እሱ ግን እዚህ ተኝቶ ይሰማሃል።"

ነገርኳት። ባንዲራውን፣ ጣሪያውን፣ ፎጣውን፣ "እምም" ያልኩትን። በቅጡ በማላውቀው ቋንቋ መናዘዝ ከባድ ነው፤ የሚያለሰልስ ቃል አጣሁና ደረቁን ነገርኳት። ሰዎቹ ቃሉ ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ዳማቸውን አቆሙ።

ኪርስተን እጇን ከሣጥኑ ላይ አነሣች።

"ሚስማር?" አለች በመጨረሻ።

"አዎ። አፌ ውስጥ ነበር።"

"ልትተፋው ትችል ነበር።"

"እችል ነበር።"

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አላናገረችኝም። በማግስቱ ሬሳው ሲቃጠል ሬሳው ላይ የምናኖረውን የሰንደል እንጨት አበባ ይዤ ተራዬ ሲደርስ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። አመዱን ተቀብላ ስትወጣ እትዬ ላሚያት ፊት ተንበርክካ እጆቿን ገጠመች፤ አሮጊቷም አገጯን ይዘው የማይገባት ነገር በጆሯ አወሩላት። እሷም በቋንቋዋ መለሰችላቸው። የእኔ አስተርጓሚነት አልተፈለገም።

እኔ መናገሬን መንደሩ አልወደደልኝም። "የሁላችንንም እንጀራ ዘጋህ" አለችኝ ፕራዮንግ፤ እውነቷን ነው። ወንዶቹ ሳልፍ ወሬ ያቋርጣሉ። ራቢያብ ሩዝ ታቀርብልኛለች፣ አትሰድበኝም፤ ሚስት መሳደብ ካቆመች ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው። እኔም ጣሪያ አልወጣም፣ ፍራሽ አላገላብጥም፤ ሰባተኛው ክፍል ሲያፈስ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።

ሄኒንግ ከተቃጠለ በአራተኛው ቀን፣ ዝናቡ በባልዲ የሚደፋ ያህል ሲወርድ፣ እትዬ ላሚያት ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ድስት ተሸክመው በራፋችን ላይ ቆሙ።

ራቢያብ ደንግጣ ብድግ አለች። "እትዬ፣ እኛ ቤት እኮ የሞተ የለም!"

"ማን ሞተ አለሽ? ሳህን አምጪ።"

ገብተው ከፊቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ድስቱ ውስጥ በእርድ የተሠራ የዓሣ ወጥ ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው አወጡና መብላት ጀመሩ። ጨው እንዳነሰው ተናገሩ፤ የእኛ ሩዝ ደግሞ ውሃ እንደበዛበት። ስለ ባሕሩም፣ ስለ ልጅቷም አላነሡም። አንዴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና "እዚህም ያፈሳል" አሉ።

እዚያ ላይ ነው የያዘኝ። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቼ፣ ንፍጤ እየወረደ፣ ባለቤቴ ፊት አለቀስኩ። እትዬ ላሚያት ቀና ብለውም አላዩኝም። እንባዬ እንዳይገባበት ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ዓሣቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

"አልቅስ" አሉ አፋቸው እንደሞላ። "እኔ የትም አልሄድም።"

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ አባራ። እሳቸው እኛ ቤት እስከ ቅዳሜ ተቀመጡ።