ኩላሊቴ በሁዳዴ

ሩጫ ጤና ነው ያለኝ ሰው ዛሬ ፊቴ ቢቆም ደስ ይለኛል። ለእግሬስ እሺ፣ ጤና ሆነው። ስለ ኩላሊቴ ግን ማን ነገረኝ?

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው የጀመርሁት። ማለዳ ከሰፈሬ ከሹም አቦ ተነሥቼ የጣናን ዳር ይዤ እሮጣለሁ። ሁዳዴ ገባ። ጾሙንም ሩጫውንም አልለቅም አልሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ግን እሮጣለሁ! ባለቤቴ የሺ "ኧረ ተው፣ ወይ ጹም ወይ ሩጥ" ብትለኝ እምነት የጎደላት መሰለኝ። ደግሞ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሰፈሩ "ጾሞ ይሮጣል" እያለ ሲያወራልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሽንቴ ጥቁር ጠላ መሰለ። ጎኔን ይወጋኝ ጀመር። አንዱ ጎረቤት ኩላሊትህ ከቦታው ወርዷል አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ልቡ አብጣለች ብለው ለየሺ አለቀሱላት። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ!

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሐኪም "አባቴ፣ ሲሮጡ ደሙ ወደ እግርዎ ያደላል፤ አንጀትና ኩላሊት ይጎድልባቸዋል። ውሃ ካልጠጡ ኩላሊትዎ ሥራ ሊያቆም ይችላል" አለችኝ። ፈራሁ። ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ በለጠ። ደሜን ሁሉ ለእግር! ኩላሊት ምን በደለ? ጣና አጠገብ የሚኖር ሰው በውሃ እጦት ኩላሊቱ ሲደርቅ ይታያችሁ!

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። እንደዚያ ሆኜ በመጾሜ ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ሕመምተኛን ውሃ ማን ከለከለው? ከእንግዲህ የምትሮጥ ከሆነ ጠጥተህ ሩጥ። ለመሆኑ በሁዳዴ ሩጥ ብሎ ያዘዘህ ማነው?" አሉኝ። አፈርሁ። በማፈሬም ተናደድሁ።

ሦስት ሳምንት አርፌ፣ ውሃዬን ጠጥቼ፣ እንደገና ስመረመር ኩላሊቴ ደኅና ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ፣ ሁዳዴው ገና ሳይፈታ፣ የውሃ ጠርሙሴን ይዤ ልሮጥ ወጣሁ። በር ላይ አንድ ሁለቴ ስጎነጭ እትዬ ጥሩወርቅ አዩኝ። እንኳን ማረህ ይሉኛል ብዬ ቆምሁላቸው። አልፈውኝ ገቡና የሺን ጠየቋት፦

"ምነው ባልሽ፣ ምንም ሳያመው በጠዋት ጾም ይገድፋል?"