ስምህ ግድግዳ ላይ ነው

በማንኛውም ሙያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ቀን የሚያልፍበትና ቀን የሚቆጥር። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ነን። ሁለተኛው በየሙያው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ማንም አይችላቸውም።

በእኛ በአእምሯዊ ንብረት ጠበቆች መካከል ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ቀን ቆጣሪ፣ ጋሼ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም። ሥራችን የሰው ፈጠራና የንግድ ምልክት በመዝገብ እንዲጠበቅ ማድረግ ነው። የእኛም ስም በሙያ ቦርዱ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዓመት አንዴ የፈቃድ ክፍያ እንከፍላለን፤ ያልከፈለ ይሰረዛል። የመክፈያው ቀን ተቀይሮ አያውቅም፤ ግን በየዓመቱ ድንገት ይደርስብናል።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ቦርዱ ያልከፈሉትን ሰዎች ስም ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ጋሼ ማለዳ ይደርሳሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ የራሳቸውን ስም ዘለው ሌላውን ሁሉ ይገለብጣሉ። ከዚያ ስልክ ነው። ሰላምታ የለም።

"አንተ፣ ስምህ ግድግዳ ላይ ነው። አውርደው።"

ደንበኛ ይዣለሁ ላለ፣ ነገ ደንበኛ እንደማይኖረው ይነግሩታል። እጄን አሞኛል ያላቸውን ባልደረባ የትኛው እጅ እንደሆነ ጠይቀው በሌላኛው እንዲፈርም አዘውታል። የራሳቸውን የሚከፍሉት ሁሉንም ካወረዱ በኋላ፣ የመክፈያው መስኮት ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነበር። በር የሚዘጋ ሰው መጨረሻ ነው የሚገባው ይላሉ።

ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ዘጠኝ ዓመት የለፋበትን የመውቂያ ማሽን ማመልከቻ አንድ ቀን አሳልፎ ያመጣ ሰው ቢሯቸው ውስጥ ሲያለቅስ፣ መሐረባቸውን አቀብለው "ቀን ዘመድ የለውም" አሉት። አንድ ባልደረባችን ሲሞት ባለቤቱን አጽናኑና፣ ሟች ክፍያ እንደማይጠየቅ፣ ነገር ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቦርዱ በጽሑፍ መገለጽ እንዳለበት በጆሮዋ ነገሯት። ደብዳቤውን ጽፈው በኪሳቸው ይዘውት መጥተዋል። እሷም እዚያው ፈረመች።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው የመክፈያ የመጨረሻ ቀን ስልኬን ዘጋሁ። ስድቡ ሰልችቶኝ ነበር። ከምሳ በኋላ እከፍላለሁ ብዬ ወረቀት ውስጥ ገባሁና ረሳሁት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተከፈተ። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። የበሩን መቃን ይዘው "ስምህ..." አሉ፤ ቀሪውን ትንፋሻቸው በላው። ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

"ሩጥ" አሉኝ። "እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።"

ሮጥኩ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከፈልኩ። መስኮቱ እንደ ወትሮው ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። ግቢው በር ላይ አገኘኋቸው፤ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ደረሰኙን አሳየኋቸው። "ጎሽ" አሉኝ። የእርስዎስ ለማለት አልመጣልኝም። ቀን ቆጣሪ ቀን ያልፍበታል ብሎ ማን ያስባል?

በማግሥቱ የተሰረዙት ዝርዝር ወጣ። ስሙ አንድ ብቻ ነበር።

አቤቱታ ጽፈን ስድሳ ሰው ፈረመበት። ቤታቸው ይዤው ሄድኩ። በር የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። "እሺ አሰኛቸው፣ ልጄ" አሉኝ። "ከእንግዲህ የሚቆጥሩት የቀረ ነገር ቢኖር እኔን ነው።"

ጋሼ አቤቱታውን አነበቡ፣ ሁለት ቦታ ሥርዓተ ነጥብ አረሙና መለሱልኝ። ቦርዱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የሚቀርብ ምክንያት እንዳይመረምር የሚያዘውን ደንብ በወጣትነታቸው ያረቀቁት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱኝ።

"የዘገዩት በእኔ ጥፋት ነው" አልኳቸው።

"እሱም ምክንያት ነው።" አሉኝ። "ያ የመውቂያ ማሽን ሰውዬ ሲያለቅስ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ። ዛሬ ለእኔ ሲሆን ቀን ዘመድ ያውጣ?"

ወደ መዝገቡ መመለስ የሚቻለው እንደ ጀማሪ ተፈትኖ ነው። አልተፈተኑም። በወሩ የቢሮአቸውን ታፔላ በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ የደንበኞቻቸውን ፋይል አንድ በአንድ ለእኛ አከፋፈሉ። በየፋይሉ ሽፋን ላይ ቀጣዩ ቀነ ገደብ በቀይ ተጽፎ ነበር።

በዓመቱ፣ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"አንተ፣ ስምህ ግድግዳ ላይ ነው።"

ኮሪደሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንበብ ፈቃድ አይጠይቅም።

ዱሮ የግድግዳው ዝርዝር ከአሥር ሰው አልፎ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ሃያ ሁለት ሆነ፤ ዘንድሮ አርባ አንድ። ቦርዱ የሙያው ሥነ ሥርዓት እየላላ ነው የሚል ኃይለኛ ደብዳቤ ጽፎልናል። እርስ በርሳችን ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም። የእኔ የክፍያ ቅጽ ተሞልቶ መሳቢያዬ ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ወር አልፎታል፤ ስልኩ ሳይጮህ ግን አልነካውም። ከተደወለልን በኋላ ማናችንም አንዘገይም፤ ደረጃ እንዳይወጡ።

ዘንድሮ ሲደውሉ ድምፃቸው ሻክሯል።

"አርባ አንድ ሰው" አሉኝ። "ሙያው አለቀለት። እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?"

"እንሰረዝ ነበር፣ ጋሼ።"

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ። ገና አሥራ ዘጠኝ ሰው ይቀራቸው ነበር።