ለከብት የተተከለ ቬንትሌተር

(ነጌሌ ቦረና፣ የሳላሃዲን ሱቅ ደጃፍ። የከተማው የነፋስ መብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ገልገሎ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ከኮረብታው ላይ ሦስት ባለክንፍ ምሰሶዎች ይሽከረከራሉ።)

ሳላሃዲን፦ ቬንትሌተር ነው አልኩዎት!

ገልገሎ፦ ለማን?

ሳላሃዲን፦ ለከብቱ ነዋ! ሙቀቱ ሲፈጀው ጊዜ ተከሉለት።

ገልገሎ፦ እኔ ግን ሥሩ ስቀመጥ ያልበኛል።

ሳላሃዲን፦ እርስዎ ከብት ነዎት እንዴ?

ገልገሎ፦ (አስበው) አይመስለኝም።

ሳላሃዲን፦ በቃ! መብራቱን እነሱ እየጠጡት ፍሪጄ ደከመ። ዛሬ የፈርሃና ሰርግ ነው፤ ስድስት ሳጥን ለስላሳ በረዶ አድርጌ አቀርባለሁ ብዬ ምያለሁ። ለብ ያለ ባቀርብ ማን ዳግመኛ ይጠራኛል?

ገልገሎ፦ የማሽኑ ባለሙያ ሀሚዳ እንዳስረዳችኝ… ነፋሱ ክንፉን ይገፋል። ክንፉ ብረቱን ያዞራል። ብረቱ ማግኔቱን በመዳብ ሽቦ መሃል ያሽከረክራል። ከዚያ መብራት ይመጣል።

ሳላሃዲን፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) ኩራዝ ነፋስ ሲያገኘው ምን ይሆናል?

ገልገሎ፦ ይጠፋል።

ሳላሃዲን፦ ታዲያ ነፋስ መብራት ያመጣል ወይስ ያጠፋል?

ገልገሎ፦ (ወደ ክንፎቹ አንጋጠው) ዋቆ አምላኬ! ይቺን አልጠየቅኳትም።

ሳላሃዲን፦ ያስቁሙትና የፍሪጄን ጉልበት ይዩ! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

ገልገሎ፦ አንተ?

ሳላሃዲን፦ እኔ! ብቻዬን!

ገልገሎ፦ (ስልክ አውጥተው) አካም ሀሚዳ፣ ናጋ? አቁሚልን እስቲ… አዎ፣ ሦስቱንም። ሳላሃዲን ነው ያለው።

(ክንፎቹ ቀስ እያሉ ይቆማሉ።)

ሳላሃዲን፦ (እየጨፈረ) ቆሙ! ቆሙ! አሁን ፍሪጄን ያዳምጡልኝ!

(ፍሪጁ፦ ግርር… ግር… ጭጭ። አምፖሉ ድርግም ይላል። ከወፍጮ ቤቱና ከጸጉር ቤቱ ጩኸት ይነሳል።)

ሳላሃዲን፦ (ፍሪጁን አቅፎ) ጋሽ ገልገሎ፣ በአላህ! ታስነሳው!

ገልገሎ፦ (ደውለው) አንዴ ከቆመ ፈትሻ ነው የምታስነሳው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል አለች።

ሳላሃዲን፦ አለቀልኝ! ለስላሳዬ ሊሞቅ ነው!

ገልገሎ፦ አይሞቅም።

ሳላሃዲን፦ እንዴት አይሞቅም?

ገልገሎ፦ እኛ መንደር ውሃ ጉድጓድ ላይ የሰው ተራ ያቋረጠ፣ ያቋረጠበትን ሰው ሁሉ ያጠጣል። (ወደ መንገዱ) ኑ! ሳላሃዲን ሊያጠጣ ነው! (ሰው ከየቤቱ እየወጣ ይሰለፋል።)

ሳላሃዲን፦ ኧረ ሰርጉስ?

ገልገሎ፦ ሰርገኛውም መብራት ጠፍቶበት ሰልፉ ውስጥ ነው።

ሳላሃዲን፦ ስንት ሰው ነው የማጠጣው?

ገልገሎ፦ ያጠፋኸው የከተማውን መብራት ነው፣ ልጄ። (ጠርሙስ እየመረጡ) በል ክፈት፤ ተራው ከእኔ ይጀምራል።