በቁሜ የተለቀሰልኝ ዕለት

አሜሪካ ውስጥ በቅድሚያ ሳይያዝ የሚሆን ነገር የለም። ጥርስ ለመነቀል ቀጠሮ ይያዛል። ፀጉር ለመሠራት ቀጠሮ ይያዛል። የገዛ ልጁ ቤት ሊሄድ የተነሣ ሰው እንኳ ቀድሞ ኮል ካላደረገ በር ላይ ተገትሮ ይቀራል። እኛ ባደግንበት አገር ሳይጠሩት የሚመጣው እንግዳና ሞት ነበር። እዚህ እንግዳው ቀጠሮ መያዝ ተማረ። ሞት ብቻ የድሮ ጠባዩን አልለቀቀም ብዬ ስጽናና፣ ለካ ለእሱም ቦታው ቀደም ብሎ ይያዝለታል! በምን አወቅሽ ትሉኝ እንደሆነ፣ የራሴን ተይዞ ስላየሁት ነው።

ባሌ ተፈራ ያረፈው ባለፈው ዓመት በክረምት ነው። ክረምት ስል የእኛን ክረምት ማለቴ ነው እንጂ፣ እዚህ ባለንበት ከተማ፣ ኧርቪንግማ፣ በነሐሴ ጫማ አስፋልት ላይ ይጣበቃል። የልጅ ልጄ ሊያ፣ ኮሌጅ የገባችው፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የመኖር ምስጢሩ ምንድን ነው እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ምስጢር አለው እንዴ? አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳልሰማ መሆን ነው። ተፈራ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከምሩም አይሰማም ነበር። ልጃችን ሶስና በጆሮ የሚሰካ ማዳመጫ ገዛችለት፤ የስፖርት ዜናውን ጥርት አድርጎ ይሰማና እኔ አፌን ስከፍት ባትሪው አለቀ ይላል። ስንት ዓመት ተናድጄበታለሁ! የማይሰማ ባል ያላት ሴትና ባል የሌላት ሴት አንድ ይመስሉኝ ነበር። አንድ አይደሉም። ያኛዋ ቢያንስ የምትናገርበት ፊት አላት።

ሲሞት ታዲያ የት ይቀበር የሚለው ነገር ቤታችንን ለሁለት ከፈለው። የተፈራ ታናሽ እህት እልፍነሽ፣ ፎርት ዎርዝ ከልጇ ጋር የምትኖረው፣ ሬሳው ጎንደር ተልኮ ከአባቱ ጎን ይረፍ አለች። ሶስና እዚህ ይቀበር፣ እየሄድኩ እጎበኘዋለሁ አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም፣ እዚያ ብልከው የት ሄጄ አለቅስለታለሁ ብዬ ከልጄ ወገን ሆንኩ። እልፍነሽ የቀብሩ ዕለት አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ "ወንድሜን የፈረንጅ ሣር አበቀላችሁበት" ብላኝ ሄደች። ለአርባው አልመጣችም፤ ስልኬንም አላነሣችም። ከኧርቪንግ ፎርት ዎርዝ በመኪና ምን አላት? እኔና እሷ ግን መኪና አንነዳም። ለኩርፊያም ለዕርቅም የሚያመላልሱን ልጆቻችን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሥራ አለባቸው። በዚህ አገር የተጣሉ አሮጊቶችን የሚለያቸው ሃይዌይ ነው።

የእልፍነሽ ኩርፊያ ከሌላው ሰው ኩርፊያ ለምን እንደከበደኝ ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር ሳንመጣ፣ ሱዳን በስደት ሳለን፣ የመጀመሪያ ልጃችን ይበልጣል ገዳሪፍ ላይ ሞተብን። ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ትኩሳት ነው ያሉት፤ ሐኪም ቢኖር ሌላ ስም ይሰጠው ይሆናል። አጥቦ የገነዘው ሰው እልፍነሽ ናት። እኔ በእግሬ መቆም አልቻልኩም። ተፈራ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ከመረበት፤ ዝናቡ ሲመጣ ያ ሜዳ ሁሉ ጭቃ ሆነ፣ እኛም ተነሥተን ሄድን። ፎቶ የለው፣ ወረቀት የለው። እዚህ ለተወለደችው ለሶስና ወንድም ነበረሽ ብለናታል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፣ እኛም አልነገርናትም። ከተፈራ ጋርም ቢሆን አናነሣውም ነበር። በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ብቻ ተፈራ ቁርሱን እየበላ፣ "ዛሬ እኮ ነው" ይለኛል። እኔም፣ "ነው" እለዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ትዳር የሚሉትን ነገር አንድ ቦታ አሳዪን ብትሉኝ እሷን ቁርስ ነው የማሳያችሁ። ዘንድሮ ቀኑ መጣና ሄደ፤ ዛሬ እኮ ነው ያለኝ አልነበረም።

ወደ ተያዘልኝ ቦታ ልመለስ። አንድ እሑድ ሶስና፣ "እማዬ፣ ሰርፕራይዝ አለን" ብላ ወደ መቃብሩ ቦታ ወሰደችኝ። ሰርፕራይዝ ማለት እንግዲህ ኬክ አይደለም ወይ የምናውቀው? የተፈራ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል። ሰፊ ነው፣ ያምራል። በቀኝ በኩል የእሱ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት። በግራ በኩል የእኔ ስም! አሰለፈች ተብሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተቀርጿል፤ ከሥሩ የተወለድኩበት ዓመት፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ጭረት፣ ከጭረቱ ቀጥሎ ልሙጥ ባዶ ቦታ።

"ከዳዲ ጎን እንድትሆኚ ብዬ ነው። እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ደስ አላለሽም እንዴ?" አለችኝ ሶስና፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ ልጄ አልኳት። ለመቃብሩ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ያመሰገነ ሰው ከእኔ በፊት ይኖር ይሆን? ባዶውን ቦታ በእጄ ዳሰስኩት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ውሎ ይፋጃል።

ከዚያ ጉልበቴ አመመኝና ጥቂት እሑዶች ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ጥሩነሽ የምትባል የማኅበራችን ሰው የአክስቷን ልጅ መቃብር ልታይ ስትሄድ ድንጋያችንን አገኘችው። ጥሩነሽ ክፉ ሰው አይደለችም። ወሬ ስታገኝ ብቻ ለብቻዋ መብላት ነውር ይመስላታል። ድንጋዩን ፎቶ አነሣችና በቴሌግራም ለመላው ሕዝበ ክርስቲያን ላከችው፦ "እኅታችን ወይዘሮ አሰለፈች ባላቸውን ተከትለው ዐርፈዋል። ልጃቸው ለማንም ሳትነግር በሹክሹክታ ቀብራቸዋለች። ነፍስ ይማር።" የሞተችበት ቀን የታለ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ወደ ሶስና ደወሉ፤ ሶስና ሆቴል ውስጥ ሥራ ላይ ናት፣ ስልክ አታነሣም። ወደ እኔስ? ለሟች ማን ይደውላል!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። ስከፍት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች አንድ ካርቶን ውሃና ድስት ይዘው ቆመዋል። የተፈራን ሞት ዘግይተው ሰምተው ይሆናል አልኩ።

"እኅታቸው ነዎት? እግዜር ያጥናዎት" አለች አንደኛዋ።

"ባለቤቱ ነኝ፤ አሜን" አልኩ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ተባባልን። ተቀመጡ፤ ትንሽ አለቀሱ። እኔም ካለቀሱልኝማ ብዬ አብሬ አለቀስኩ።

"ታመው ነበር?"

"ልቡን ነበር የሚያመው።"

"መቼ ዐረፉ?"

"ዓመት ሊሆነው ነው።"

ሴቶቹ ተያዩ። ይሄኔ ሊያ ስልኳን ይዛ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች። "አያቴ፣ ኦኬ፣ አትደንግጪ፣ ግን… አንቺ ሞተሃል ይላል!" አለችኝ። ልጅቷ አማርኛዋ እንዲህ ነው። ሞቼ እንኳ በሴትነቴ አልሞትኩም።

ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ መንገዱ በመኪና ሞላ። አንዱ ፓርክ ሲያደርግ ሌላው ይደርሳል። ያለቀሰ ሁሉ በሩ ላይ እኔን ሲያይ ያማትባል። ጥሩነሽ ስትደርስ ድስቷን መሬት አስቀምጣ እስከ መኪናዋ ድረስ የኋሊት ሄደች። አለሁ፣ ግቢ ብላት፣ "ታዲያ ድንጋይ ይዋሻል እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ጥፋቱ የእኔ ሆነና አረፈው። የመጣ ምግብ ደግሞ አይመለስም፤ ተቀመጡ፣ ተበላ፣ ተሳቀ። በመካከሉ ስለ እኔ ምን ሲሉ እንደመጡ ሰማሁ። ደግ ነበረች፤ እጇ አይሰስትም ነበር፤ ጨዋታዋ ይናፍቃል። ያው ጨዋታዬ በሕይወት ሳለሁ ለፍላፊ ነበር የሚያሰኘኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል አልዋሸሁም። ግን ስቄ ዞር ስል ሶፋው ጥግ ላይ የተፈራ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጦበታል። ከአርባው ወዲህ ማንም ያልረገጠው ቤት ዛሬ በእኔ ሞት ሲሞላ ተፈራ አላየም። ለሐዘንተኛ ያልመጣ ሰው ለሟች ይመጣል፤ ምነው ቢያገላብጡት?

በዚህ መካከል ከውጭ ጩኸት ሰማን። የሳቁት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። ሐሰተኛ ለቅሶና እውነተኛ ለቅሶ እኮ በድምፁ ይለያል።

"የይበልጣል እናት! ወይኔ የይበልጣል እናት! ሳልቀብርሽ! ሳላጥብሽ! ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ፣ የይበልጣል እናት!"

እልፍነሽ ናት። ልጇ ክንዷን ይዟታል፤ ደረቷን እየደቃች በሣሩ ላይ ትመጣለች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው፣ ይበልጣል ደግሞ ማነው ይላሉ። ሊያም እኔን ታያለች። በዚህ አገር የሶስና እናት ነኝ፣ የሊያ አያት ነኝ፣ ሐኪም ቤት ሚስስ ነኝ። በዚያ ስም የጠራኝ ሰው ከገዳሪፍ ወዲህ የለም፤ ተፈራ እንኳ አልጠራኝም።

ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ። እልፍነሽ ቀና አለችና ቆመች።

"አሰሉ?"

"አለሁ።"

"አልሞትሽም?"

"አልሞትኩም።"

"ምነው በሞትሽ!" አለችና ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ፤ ወዲያው አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሁለታችንም ሣሩ ላይ ቁጭ አልን። ያኔ ነው ያለቀስነው፤ ለተፈራም፣ ለዚያ ሕፃንም፣ ለጠፋው ዓመትም። ከማዶ ቅጠል በሞተር ይጠርግ የነበረው ጎረቤታችን ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ። ማን እንደሞተ እሱም አልጠየቀም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እልፍነሽ ቀረች። ሊያ መካከላችን መጥታ ተቀመጠችና፣ "ኦኬ፣ ይበልጣል ማነው?" አለች። ነገርናት። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርነውን፣ ትኩሳቱንም፣ ጭቃውንም፣ ሁሉንም። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ "ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ።

"ቀይ፣ ዝምተኛ፣ ፀጉሩ ሉጫ" አልኩ።

"ጠይም፣ ለፍላፊ፣ ቁርጥ ወንድሜን" አለች እልፍነሽ፣ እኩል ከእኔ ጋር።

ተያየን። አንዳችን ለአንዳችን የምናሾፍ መስሎን ሁለታችንም ፈገግ ለማለት ሞከርን።

"ኧረ ቀይ ነው፣ እልፌ! ምን ነካሽ?"

"ዓይንሽ ፈዞ ነው እንጂ ጠይም ነው። አፉንም ቶሎ ፈቷል፤ ስሜን እልፌ ብሎ ይጠራኝ አልነበር?"

"እልፌ? ልጄ ከእማ ሌላ ቃል አላወጣም!"

"ብሎኛል ስልሽ!"

"እኔ ነኝ የወለድኩት!" አልኳት።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት!" አለችኝ።

ሊያ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ታያለች፤ የትኛችንን እንደምታምን አታውቅም። ማን ይዳኘን? ፎቶ የለ፣ ሌላ ምስክር የለ። ልጇ ሊወስዳት ሲመጣ እልፍነሽ ሳመችኝ፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ መስተዋቱን ዝቅ አደረገችና፣ "ጠይም ነው!" ብላኝ ሄደች።

አሁን ታርቀናል። በየቅዳሜው ትደውላለች፤ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ደም ግፊቷ እጠይቃታለሁ፤ የይበልጣል እናት ትለኛለች፣ ደስ ይለኛል። ስለ መልኩ ግን ሁለታችንም አናነሣም። ፈራን መሰለኝ። እንግዲህ በዚህ ሰፊ ዓለም ላይ ልጄን በዓይኗ አይታ የምታውቅ አንዲት ሴት ቀርታልኛለች። እሷም የምታውቀው ሌላ ልጅ ነው።