መልከጸዴቅና የእድሮች እድር

ሰርግ አዳራሽ ሲገባ ከሙሽሮቹ አስቀድሞ የአደጋ መውጫውን የሚፈልግ ሰው የሌለበት ማኅበር በምድር ላይ የለም። ለእኛ፣ በባሕር ማዶ ለሬኒየር ቢች ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን፣ የተሰጠን ክቡር መልከጸዴቅ ነው፤ የመዓት ሁሉ ሚኒስትር።

ሥጋ ስንጠብስ የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ ከኋላችን ይቆማል። ሐይቅ ውስጥ ስናጠምቅ ለፓስተሩ ላይፍ ጃኬት ያቀርባል። ለሚስቅበት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ጌታ ይጠብቃል፤ ጣሪያ ግን አይጠግንም።"

በቅርቡ የአዳራሻችን ኢንሹራንስ ሊታደስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በዚህ አገር ኢንሹራንሶች የሽብር ጥቃት ሽፋን እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ መውሰድ አለመውሰዱ ግን የእኛ ፈቃድ ነው። ሊቀመንበራችን ሄዋን "ይቅርብን" አለች።

"ሶ፣ አሸባሪ እኛን ፈልጎ ሊመጣ ነው? እንግዶቻችን እንኳ በጂፒኤስ አያገኙንም!"

"ለሌላው የመጣ ለእኛ ቢተርፍስ?" አለ መልከጸዴቅ። "ይህ አዳራሽ ከፈረሰ ሁለተኛ አንሠራውም። እናቶቻችን የት ይሰብሰቡ?"

"እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ኢንሹራንሱም አብሮ ይወድቃል፣ ወንድሜ" አለ ታምራት።

መልከጸዴቅ ይህችን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ብድግ አለ።

"እድራችሁ በአንድ ቀን መንደር ሙሉ ሰው ቢቀብርስ? የገንዘብ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ጎረቤት እድር ካልደረሰ አለቀላችሁ! መንግሥትም ለኢንሹራንሶቹ እንደዚያ ነው። ጥፋቱ ከአቅማቸው ሲያልፍ አብሯቸው ይሸከማል። የእድሮች እድር በሉት!"

"መንግሥት ለቅሶ ሲደርስ አይተህ ታውቃለህ?" አለ ታምራት።

"ኖ! መዋጮውን ግን ይልካል።"

ኮሚቴው ሳቀ። አምስት ነን፤ ሄዋንና ታምራት ተቃወሙ፣ መልከጸዴቅና ዝምተኛዋ ኤዶም ደገፉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ በቀላሉ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ልቃወም አፌን ስከፍት አንድ ነገር መጣብኝ። ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ራሱ ቤት አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። የሚፈራው ሁሉ ለእኛ ነው።

"ይወሰድ" አልኩ።

ሄዋን እየሳቀች ፈረመች። መልከጸዴቅ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፤ "ይባረኩ፣ አባባ።" ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄኛው ግን የመሬት መንቀጥቀጥን አይጨምርም። ያውቃሉ?"

ሌሎቹ የመኪና ቁልፋቸውን እያነሡ ሹልክ አሉ። እኔ ወንበር ሳብኩለት።

"ተቀመጥ፣ ልጄ" አልኩት። "ከመጀመሪያው ንገረኝ።"