የማይቀመጠው መርማሪ

በፊልም ላይ የግል መርማሪ ሆነው የሚሠሩ አንጋፋ ተዋንያን ካጋጠሙኝ ቻናል አልቀይርም። ወጣቱ መርማሪ አጥር ይዘላል፣ ይታኮሳል፣ በመጨረሻም ሌባው ያመልጠዋል። ሽማግሌው ግን ካፖርቱን ደርቦ ደረጃውን ቀስ እያለ ይወጣል፤ መሃል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ወንጀለኛውም አሳዳጊ ያልበደለው ሆኖ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቀዋል። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ከየት ይገኛል? እኔ ቡታጅራ አግኝቻለሁ።

ወዳጄ ታደሰ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ቡታጅራ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። የከተማችን ወጣቶች በዩቲዩብ የሚለቁት ድራማ ሲጀምሩ የግል መርማሪ አደረጉት። የሚናገረውን ስለሚረሳ ከካሜራው ጀርባ ሆኜ የማንሾካሹክለት እኔ ነኝ። ተመልካች ከሁሉ በላይ የወደደለት ተጠርጣሪ ቤት ገብቶ አለመቀመጡን ነው። "አቤት ግርማ ሞገስ!" ይላሉ። ምን ግርማ ሞገስ አለው፣ ጉልበቱን ያመዋል። በርጩማ ላይ ከተቀመጠ ለማስነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎረቤታችን ዘይነባ እያለቀሰች መጣች። ለበዓሉ ስትቀልበው የከረመችው በግ ጠፍቷል። ልጇን የዳረችው ዘንድሮ ነው፤ አማቿ ከነቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ የሚገባው ደግሞ በዚሁ በዓል ነው።

"ጋሽ ታደሰ፣ ሌባ አያመልጥዎትም። ወላሂ፣ በየሳምንቱ አይዎታለሁ።"

"ዘይነባ፣ እሱ እኮ ድራማ ነው። ሌባው ማን እንደሆነ ጽፈው ይሰጡኛል።"

"ታዲያ የኔን ማን ይጽፍልኛል?" አለችና አንጀታችንን በላችው።

ታደሰ የድራማውን ካፖርት ለበሰና ወጣን። ጥበባችን ያው በየቤቱ እየዞሩ "በግ አይታችኋል?" ማለት ነበር። መጀመሪያ የገባነው አጥር የሚጋራት አቶ ሽኩር ቤት ነው። ሽኩር በርጩማውን በእጁ ጠርጎ አቀረበ።

"ይቀመጡ ጋሼ።"

"ግዴለም።"

"ኧረ በአላህ ይቀመጡ!"

"አልቀመጥም" አለ ታደሰ፣ ጉልበቱን እያሰበ።

መቼም ታውቃላችሁ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ቤት ገብቶ አልቀመጥም ካለ ለትልቅ ጉዳይ መጥቷል ማለት ነው። ጉዳዩ ካልተፈጸመለት ወንበርም እህልም አይነካም። ሽኩር ወደኔ ዞረ። እኔ የማንሾካሹከው ስላልነበረኝ ጣሪያውን አየሁ።

"እንግዲህ ሽማግሌ ከላከችብኝ ምን እላለሁ" አለ ሽኩር አንገቱን ደፍቶ። "በጉ የበርበሬ ችግኜን ረጋግጦ ጨረሰብኝ። ይቅርታ እስክትጠይቀኝ ብዬ ጓሮ አሰርኩት። ኋላ ስታለቅስ ብሰማ ጊዜ ደግሞ ለመመለስ አፈርኩ። ይውሰዱት ጋሼ፣ ብቻ ይቀመጡ!"

በድራማው ስምንት ክፍል የሚፈጅብን ነገር በአንድ ጉልበት ሕመም አለቀ። ዘይነባ ስለ ችግኙ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሽኩርንም ለበዓሉ ጠራችው። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። የቆመ ሽማግሌ ማሳፈር የሚከብደው ሰው እስካለ ድረስ ይህች ከተማ ደህና ናት።

በአረፋ ዕለት ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ቆጮና ጎመን ለብቻ ተዘጋጅቶልን ተጠራን። ታደሰ ገባና መሃል ቤት ቆመ።

"ይቀመጡ እንጂ!" አለ ቤተ ዘመዱ በሙሉ።

"ቆሜ ይሻለኛል" አለ።

የዘይነባ አዲሱ አማች ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለበት። ሚስቱን አየ፣ አማቱን አየ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ጋሼ፣ ግዴለም ይቀመጡ" አለ። "እኔው ራሴ እናገራለሁ።"