ትራክተሯ ትዋጋለች ወይ?

በሬ ሲመርጥ የኖረ ሰው ትራክተር ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንኳንም አላያችሁ። በስደት የምንኖርበት የካምዎክያ ሰፈር ጎረቤታችን ጋሼ ታደለ ከከተማ ወጣ ብለው መሬት ተከራይተው ነበር፤ በዚያ ዝናብ ካላረሱት ባለቤቱ ሊነጥቃቸው ነው። አሮጌ ትራክተር ሊገዙ ሲሄዱ እንዳስተረጉም ወሰዱኝ። ትንሿን ትራክተር ዞሯት፤ ጎኗን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ “ትዋጋለች ወይ በዪልኝ” አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር በእንግሊዝኛ ይጠየቃል? አፍሬ፣ ሻጩን “ደህና ናት?” ብቻ አልኩት።

ሻጩ፣ “ማርሿ አልፎ አልፎ ያመልጣል እንጂ ደህና ናት” አለ።

ማርሽ ወዴት እንደሚያመልጥ አልገባኝም፤ መጠየቅም አፈርኩ። “አትዋጋም ይላል” አልኳቸው።

“ተመስገን!” ብለው ገዟት።

ሦስተኛው ትልም ላይ ቆመች። ዝናቡ ግን አልጠበቃቸውም፤ መሬቱም ተነጠቀ። ጋሼ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ባገኙኝ ቁጥር፣ “እውነትሽን ነበር ልጄ፣ አትዋጋም” ይሉኛል።